ኪስ የምትገባ ባትሪ

ባለፈው ወር ባምባሲ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ከአሶሳ ከመነሳቴ በፊት አንዲት የኪስ ባትሪ ልግዛ ብዬ ገበያ ወረድኩ። ባምባሲ መብራት ይጠፋል ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ መንገድ በዳበሳ የምሄድ ሴት አይደለሁም። ባለሱቋ ከስልኳ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል የባትሪ ዓይነት ጠረጴዛው ላይ ደረደረችልኝ። ቀይ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ራስ ላይ የሚታሰር አለ፣ ሬዲዮ ያለው እንኳ አለ። «ማዘር፣ ስልክዎ ላይ መብራት አለ እኮ» አለችኝ በመጨረሻ። «ስልክ ሲወድቅ ይሰበራል፣ በመሀል ደግሞ ሰው ይደውላል። እኔ ከማብራት በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ነገር ነው የምፈልገው» አልኳት። ቻርጅ የሚደረገውን ስታሳየኝ፣ መብራት ሲጠፋ የምይዘውን ነገር መብራት እስኪመጣ ጠብቄ ልሙላው ወይ ብዬ መለስኩላት። የያንዳንዱን የኋላ ክዳን ፈትቼ ሞላው መዛግ አለመዛጉን አየሁ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ ለቀቅሁ፣ መዳፌ ላይ መታ መታ አድርጌ ብርሃኑ ይርገበገብ እንደሆነ ፈተሽኩ። ልጅቱም አሮጊት ናት፣ ትልፋ ብላ ተወችኝ።

የመረጥኳት ከመሀል ጣት እምብዛም የማትበልጥ፣ የብረት፣ ተራ ቀጭን ድንጋይ የምትጎርስ ናት። ድንጋዮቹን ከላስቲካቸው ሳወጣ ያ የድሮው ሽታ አፍንጫዬን መታው። ሌላው ሰው ወጣትነቱን በሽቶና በአበባ ያስታውሳል፣ እኔ በባትሪ ድንጋይ ነው። ምን ላድርግ፣ የደረሰኝ ይኸው ነው። ባትሪ መምረጥ ያስተማረኝ ባሌ ታደሰ ነበር። የሞተውም ባትሪው እምቢ ብላው ነው፤ ግን ባትሪዋን ስሟን አላጠፋም። እጁን ያስገባባት ሰው ነበር። ከሦስት ሰዎች አንዱ መሆኑን ያኔውኑ አውቄ፣ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ይህን ሁሉ ዘመን ኖርኩ።

ያን ጊዜ ክልል የሚባለው ነገር ገና ትኩስ ነበር። ትናንት የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ዛሬ ቢሮ ተብሎ ያድራል፤ የታፔላው ቀለም ሳይደርቅ ስሙ ይለወጣል። ከየአገሩ የተመደበ መምህርና ሠራተኛ በጭነት መኪና ላይ ከፍራሹና ከመጥበሻው ጋር ተጭኖ፣ ቀይ አቧራ ለብሶ ይወርዳል። ወንዶቹ ሳፋሪና ተሪሊን ሱሪ፣ እኛ ሴቶቹ ሽንሽን ጉርድና ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ የመጣ ነጠላ ጫማ። ሽቷችን የሱዳን፣ ሳሙናችን የሱዳን፣ ስኳራችን የሱዳን ነበር። ከሻይ ቤቶቹ የሚወጣው ዘፈንም እንደዚያው፤ ቃሉን ሳንሰማ ዜማውን ብቻ እያንጎራጎርን እንሄድ ነበር። ማንጎ በየጥላው ስር ይበሰብሳል፣ የሚያነሳው የለም። አሁን ያው ማንጎ በኪሎ ሲመዘን ሳይ፣ ያኔ ረግጠነው የሄድነው ትዝ ይለኝና እናደዳለሁ። የቀርከሃ አጥር ከቀርከሃ አጥር እየተቀጣጠለ መንገዱን ይመራሃል፤ አጥሩ ያለቀበት ጋ ቁፋሮ ነው። መንግሥት አዲስ፣ በጀት አዲስ ሆነና ሁሉም ቢሮ መሠረት ያስቆፍራል፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራል። ቆፍሮ የሚከድን ግን አልነበረም።

መብራቱ የጄኔሬተር ነው፤ ነዳጅ ሲኖር ማምሻውን ለጥቂት ሰዓት ይበራል፣ ነዳጅ ከሌለ ጭራሽ የለም። እባቡ ደግሞ ክረምት ሲገባ እንደ ሰው በመንገድ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ባትሪ ያልያዘ ሠራተኛ አልነበረም፤ ክብርም በባትሪ ይለካ ነበር። ኃላፊ ባለ አምስት ድንጋይ ይይዛል፤ ክንዱን የሚያህል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ የሚመታበት። ባለሙያ ባለ ሦስት ነው። መምህር ባለ ሁለት ድንጋይ ካለው ይመስገን ይላል። ድንጋይ ሲደክም በጥርስ ነከስ ነከስ አድርገን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ጊቢው ሁሉ በርበሬ የተሰጣበት ሳይሆን ድንጋይ የተሰጣበት ነበር። ሹመት ሲነሳም ባትሪው ነው የሚያስታውቀው። አንድ ኃላፊ ከሥልጣን ወርዶ ባለ አምስቱን ይዞ ሲዞር፣ ሰው «ድንጋዩ አላለቀም፣ እሱ ግን አልቋል» ብሎ ይስቅበት ነበር። ጨካኝ ከተማ ነበረች፤ እኛ ነን እንደዚያ ያደረግናት፣ ለመሳቂያ የሚሆን ሌላ ነገር አልነበረንም።

ታደሰ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ነገር ሲገዛ ሻጩን እስኪያስለቅስ የሚመረምር ሰው። ከተጋባን በኋላ አንድ ቀን ትልቋን ባትሪውን ቤት ረስቷት ጊንጥ ነደፈው። ከዚያ ወዲያ «ኪስ የማትገባ ባትሪ የቤት ዕቃ ናት» የሚል አባባል አወጣ፤ ሌላ የምትሻል ፍለጋ ጀመረ። ጄኔሬተሩ ጥግ ሐሚድ የሚባል የበርታ ነጋዴ ሱቅ ነበረው፤ ዕቃውን ከኩርሙክ የሚያመጣ፣ ነጭ ጀላቢያው አቧራ የማይነካው ሽማግሌ። ታደሰ እኔን ይዞ፣ ልጃችንን ማርታን አቅፎ፣ ቅዳሜ በቅዳሜ እዚያ ሱቅ በር ላይ ይቆማል። ሁለቱ ሲከራከሩ መስማት ለኔ ሲኒማ ነበር።

«ይሄ ፕላስቲክ ነው» ይላል ታደሰ።

«ያ ኡስታዝ፣ ፕላስቲክ ምን አደረገ? ቀላል ነው።»

«ሲወድቅ ይሰነጠቃል።»

«አንተ ለምን ይጥላል?»

«ያኛውስ? ማብሪያው ወደ ውጭ ወጥቷል። ኪሴ ውስጥ ተጭኖ ሲበራ ይውላል።»

«ወላሂ፣ አንተ ሚስት ሲያገባ እንዲህ አየ?» ብሎ ሐሚድ ወደኔ ዞረ። «ዘነበች፣ አንተን እንዲህ ፈተነ?»

እኔን «አንተ» ማለቱን ሁላችንም ለምደነዋል፤ አማርኛው የገበያ ነው፣ ልቡ ግን ቀና ነበር። ታደሰም ሳያፍር ያስረዳዋል። ባትሪ ማለት የትም ሱቅ የሚገኝ ድንጋይ የሚጎርስ ነው። ድንጋዩ አዲስ አበባ ብቻ የሚገኝ ከሆነ የሞተ ባትሪ ነው። ሞላው ጠንካራ መሆን አለበት፣ አለዚያ ስትሮጥ ድንጋዩ ይላወስና መብራቱ ይቆራረጣል። የኋላ ክዳኑ እንደ ብሎን በጥርስ የሚዞር ይሁን፤ ተጭኖ የሚገባ አይረባም። ሐሚድ በመጨረሻ ከአንድ ጉዞው ሲመለስ፣ በጨርቅ የጠቀለላትን አንዲት ባትሪ ለታደሰ ዘረጋለት። የብረት፣ ቀጭን፣ እንደ እስክርቢቶ መንጠቆ ያላት፤ የሸሚዝ ኪስ ላይ ትሰካለች። ሁለት ቀጫጭን ድንጋዮች ናት የምትጎርሰው። ታደሰ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነከራት፣ በራች። ከወገቡ ቁመት ሲሚንቶ ላይ ጣላት፣ በራች። ዋጋዋ ሚስት የሚያስቆጣ ነበር፤ እኔም ተቆጣሁ፣ እሱም ገዛ።

በከተማው ሁለተኛ እንደሷ ያለ አልነበረም። መምህራኑ ሲያዩዋት ሳቃቸው ሌላ ሆነ። «ሐኪም ሆንክ እንዴ? ጉሮሮ ልታይ ነው?» ይሉታል። ታደሰ መሳቅ አይችልበትም፣ መናደድም አይችልበትም፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ለቀልደኛ ሲሳይ ነው። ከሁሉ የሚብሱት ሦስት ጓደኞቹ ነበሩ። ዓለሙ የሒሳብ መምህር፣ ንጉሤ የትምህርት ቢሮ ጸሐፊ፣ ዳኜ የስፖርት መምህር። ከሥራ ሲወጡ የሚገናኙት አንዲት ሰፋሪ ሴት በከፈተችው ግሮሰሪ ነው። ባትሪያቸውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ይጠጣሉ።

እዚያ ግሮሰሪ አንድ ጨዋታ ነበራቸው፤ ድንጋይ ማዞር ይሉታል። አንዱ ለሽንት ሲወጣ፣ ሌላው ባትሪውን ከፍቶ ከሁለቱ ድንጋይ አንዱን ገልብጦ ይመልሳል። ባለባትሪው ሊሄድ ተነስቶ በር ላይ ሲሞክረው ጨለማ ይሆንበታል፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፤ እሱም ድንጋዩን አስተካክሎ፣ ተመልሶ አንድ ዙር ይጋብዛል። ሕግ ነበረው። ሰው ባትሪውን በር ላይ ሳይሞክር አይወጣም። ማን እንዳዞረም አይጠየቅም፤ የጠየቀ ጨዋታ አያውቅም ተብሎ ሳምንት ይቀለድበታል። ታደሰ ብዙ ጊዜ ተዙሮበታል፤ ቤት መጥቶ ሲነግረኝ «በድንጋዩ መጫወት ደግ አይደለም» ይላል፣ በማግስቱ ግን ተመልሶ ይሄዳል። ሌላ የት ይሂድ? ያን ጊዜ አሶሳ ላይ ጓደኛ መምረጥ አይቻልም፤ የተመደበልህን ነው የምትይዘው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አመሻሽ ላይ ማርታን ትኩሳት ያዛት፤ ወባ መሆኑን ከዓይኗ አወቅሁ። የበርታዋ ጎረቤቴ ፋጡማ ወደ እህቷ ቤት መንገድ ልትጀምር ስትል በግሮሰሪው በኩል እንድታልፍና ለታደሰ እንድትነግርልኝ ለመንኳት። ፋጡማ በሩ ላይ ቆማ፣ «ታደሰ፣ ልጅ ታሟል፣ ቶሎ ና» አለችውና መንገዷን ቀጠለች። ባለግሮሰሪዋ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ታደሰ ብርጭቆውን ሳይጨርስ ተነሳ። ውጪው ገና ድንግዝግዝ ነበር፤ ባትሪውን ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ላይ ሰካትና ወጣ። በር ላይ አልሞከራትም። በትልቁ መንገድ ቢመጣ ይረዝምበታል፤ አዲሱ ቢሮ በሚሠራበት ሜዳ አቋርጦ መጣ። እኔ ልጄን በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዝኩ የበሩን ድምፅ ጠበቅሁ። ጨለመ፣ አልመጣም። ተናደድኩ፤ ጠጪ አልኩት፣ ልጅህ እየነደደች አልኩት፣ ከዚያ የባሰም አልኩት። እሱ በዚያ ሰዓት የት እንደነበር በማግስቱ ነው ያወቅሁት።

ለሽንት ቤት የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ከታች ለግንብ የመጣ ድንጋይ ነበረበት። ያገኙት ጠዋት ሥራ የገቡ የቀን ሠራተኞች ናቸው፣ ሲያወጡት ሞቷል። የሜዳው ዘበኛ ከወሎ የመጣ ሰፋሪ ነበር፤ ፖሊስ ሲጠይቀው እኔ እዚያው ቆሜ ሰማሁት። «ድምጥስ ሰምቻለሁ፣ ‹ኧረ ሰው› የሚል ነበር። መምህሮቹ እንደ ልማዳቸው ሲጫወቱ መስሎኝ ተውኩት» አለ። አልፈረድኩበትም፤ ሁልጊዜ ይጮሁ፣ ሁልጊዜ ይሳሳቁ ነበር። ፖሊሱ የታደሰን ሰዓት፣ መሐረቡንና ባትሪውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ባትሪዋ አልተሰበረችም፣ ሐሚድ የሸጠው ዕቃ እንዲህ ነበር። የኋላ ክዳኗ ግን በግማሽ ተፈቷል። እቤቴ ገብቼ ሙሉውን ፈታሁትና ሁለቱን ድንጋዮች መዳፌ ላይ አፈሰስኳቸው። ጫፍ ለጫፍ ነበሩ። ጉጥ ያለው ጫፋቸው ተፋጥጧል፤ አንዱ ተዙሯል።

ይህን ሲያውቅ ሰው ምን ይሆናል ብትሉኝ፣ አላለቀስኩም። የታየኝ ታደሰ ነው፤ በጨለማው መሀል ማብሪያውን ሲጫን፣ እምቢ ስትለው፣ ምን እንዳደረጉበት ወዲያው ሲገባው። ልጁ ታማበታለችና ቆሞ አያስተካክልም፤ እየተራመደ ክዳኑን ይፈታል። እየተራመደ። ጓደኞቹ እንደቀለዱበት እያወቀ ነው የሞተው። ያቺ በግማሽ የተፈታች ክዳን ናት ከሬሳው ይልቅ ያቃጠለችኝ፤ እስከ ዛሬም እሷ ናት።

ለቅሶው ላይ ሦስቱም መጡ። ዓለሙ የሬሳ ሳጥኑን ሲሸከም ትከሻው ደማ። ንጉሤ እንደ ሴት ደረቱን መታ። ዳኜ መቃብሩ ላይ ንግግር አደረገ፤ «ወንድማችን የጨዋታችን ድምቀት ነበር» አለ፣ ሰውም አለቀሰ። እኔ የሦስቱንም እጅ አየሁ። ከነዚህ ስድስት እጆች ሁለቱ ናቸው እያልኩ ነው ሣልስቱን የጨረስኩት። አንዳቸውም ወደኔ መጥተው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ባትሪዋ እኔ ዘንድ እንዳለች፣ ከፍቼም እንዳየኋት የሚያውቅ ከፋጡማ በቀር የለም። ፖሊስም ብነግረው ምን ይለኛል፤ በድንጋይ መገልበጥ የተከሰሰ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ፋጡማ ግን አልተዋጠላትም። «እኛ ጋ እንዲህ አይሆንም» አለችኝ አንድ ቀን፣ ማርታን በጀርባዋ አዝላ። «ሰው የገደለ፣ ሳያውቅ ቢገድልም፣ ራሱ ይመጣል። ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፣ ‹እኔ ነኝ› ይላል። ከዚያ ኸላስ፣ አለቀ፣ ዕርቅ ይሆናል። የናንተ ሰው ለምን አይመጣም?»

«እንጃ» አልኳት።

«አንተ ሄዶ ይጠይቅ።»

«ከጠየቅሁ ሦስቱም ይምላሉ፤ ሁለቱ በእውነት፣ አንዱ በሐሰት። ምን አተርፋለሁ?»

«ዝም ብሎ ደግሞ ምን ያገኛል?» አለች።

ጠበቅሁ። መጀመሪያ የአርባው ቀን ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፣ ከዚያ የሙት ዓመቱን። ስኳርና ቡና ይዘው መጡ፤ ቃሉን ይዞ የመጣ የለም። ከዚያ ዳኜ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ ዓለሙ ነቀምት ሄደ፣ ንጉሤ እዚሁ ቀረ። ሦስቱንም እኩል ጠላኋቸው፤ ማንኛቸው እንደሆነ እስካላወቅሁ ድረስ ማዳላት ፍትሕ አይደለም። ንጉሤን መንገድ ላይ ሳገኘው «እንዴት ነህ» እለዋለሁ፤ ስለው ግን ጣቶቹን ነው የማየው። ሁለቱ ከምንም ነፃ እንደሆኑ አውቃለሁ። ቢሆንም የነሱን ድርሻ ጥላቻ ለማን ልስጠው? የያዝኩትን ይዤ፣ አስተምሬ፣ ልጄን አሳድጌ፣ ጡረታ ወጣሁ። ዓለሙ ሞተ ተባለ፤ ቆይቶ ንጉሤም ሞተ። ያኔ ምናልባት ገዳዩን ቀብሬው ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር። እንደዚያ ማሰብ ደግሞ አያሳርፍም።

ከተማዋም ያቺ ከተማ መሆኗ ቀረ። ግሮሰሪው ባንክ ሆኗል። የሐሚድ ሱቅ በነበረበት ፎቅ ቆሟል፤ ሐሚድ ቀድሞ አልፏል፣ የልጅ ልጆቹ ወደ ጉባ ለግድቡ ሠራተኞች ዕቃ ሲያመላልሱ ሀብት አፈሩ ይባላል። ታደሰ የወደቀበት ሜዳ ላይ የቆመው ቢሮ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለውጧል፤ አንድ ጉዳይ ኖሮኝ ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ ጉድጓዱ ከየትኛው ክፍል በታች ይሆን ብዬ ወለሉን ሳይ ጸሐፊዋ «የጠፋብዎት ነገር አለ?» ብላኛለች። ማርታ አዋሳ ነው ያገባችው። አባቷን በፎቶ ታውቀዋለች፤ ጉድጓድ ገብቶ ሞተ ከማለት በቀር አልነገርኳትም። ወጣት መንገድ ላይ ስልኩን እያበራ ሲሄድ ሳይ እቀናለሁ። ማንም እጁን አስገብቶ አያዞርበትም።

ወደ ሰርጉ ልመለስ። የሙሽራይቱ እናት አብራኝ ያስተማረች ናት፤ ዳሱ ውስጥ ከወንዱ ቤት እንግዶች አጠገብ አስቀመጠችኝ። ቀትር ነው፣ ሙቀቱ የባምባሲ ሙቀት ነው፣ ሰው በልቶ ጨርሶ ጨዋታ ላይ ነው። ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ አንድ ወፍራም፣ ራሰ በራ፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ጎረምሶቹን ሰብስቦ ያስቃል። የሙሽራው አጎት ነው፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው ተባለ። ሴት ልጁ ውኃና መድኃኒት እያቀበለች ትንከባከበዋለች። ገረፍ አድርጌ አይቼው ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር ወሬውን እንጂ መልኩን አላስተዋልኩም።

«እዚህ አሶሳ አስተምሬያለሁ እኮ፣ እናንተ ሳትወለዱ» ይላል። «ያኔ ከተማው ጨለማ ነው፤ ሁላችን ባትሪ እንይዛለን። እና አንድ ጓደኛ ነበረን፣ ፈሪ ነገር። የሁላችንም ባትሪ ይኼን ታክላለች፣ የሱ እንደ እስክርቢቶ ናት፣ እዚህ የሸሚዝ ኪሱ ላይ ይሰካታል። አቤት ሲወዳት! ታዲያ አንድ ቀን ሊሸና ሲወጣ፣ እኔ ከጠረጴዛ ስር ከፈት አደረግሁና አንዱን ድንጋይ ገልብጬ መለስኩለት። ሌሎቹ እንኳ አላዩኝም።»

ጎረምሶቹ ሳቁ። እኔ ወንበሬን አዞርኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይኸኛው ወጊ ግን አልረሳም፣ አሳምሮ ነው የያዘው። ከዚያ ሁሉ ሥጋ ስር ዳኜን ከአፉ አወቅሁት። ሲናገር ከንፈሩን ወደ ግራ የማጣመም ልማዱ አለቀቀውም። እሱ ግን አላወቀኝም፤ ነጠላ የተከናነበች ባለመነጽር አሮጊት ምኑ ናት።

«ከዚያስ?» አልኩት።

አዲስ ሰሚ በማግኘቱ ደስ አለው። «ከዚያማ እህቴ፣ ሊሄድ ተነሳ። በር ላይ ቆሞ ቢጫናት፣ ድርግም። ቢመታት፣ ድርግም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ተናዶ ሳምንት ሙሉ አላናገረንም።»

«በር ላይ ሞከራት?»

«እንዴታ፣ ሕጉ ነው።»

«አየኸው ሲሞክራት?»

ፈገግታው ትንሽ ቀነሰ። «አዎ፣ ሁላችንም አይተናል።»

«የመጣች ሴት አልነበረችም? ‹ልጅ ታሟል፣ ቶሎ ና› ያለችው?»

ጎረምሶቹ አንድ በአንድ ሳቃቸውን አቆሙ። ዳኜ መነጽሬን፣ ከመነጽሬ ስር ያለውን ፊቴን ፈለገ። ከዘራውን ያዘ፣ ለቀቀ፣ መልሶ ያዘ። ጎረምሶቹን ሂዱ እስቲ፣ ሙዚቃው ጋ ሂዱ አላቸው፤ ሄዱ። ሁለታችን ስንቀር ድምፁ የሕፃን ሆነ።

«ዘነበች?»

«ሰውየው ስም ነበረው። ንገረኝ፣ ማን ነበር ስሙ?»

«ታደሰ» አለ።

«የኋላ ክዳኗ በግማሽ ተፈትቶ ነው ያገኘኋት። እየሄደ ሊያስተካክላት ነበር። ድንጋዮቹ ጫፍ ለጫፍ ነበሩ።»

«በር ላይ የሞከራት መስሎኝ ነው» አለ። «እንደዚያ ብዬ ነው ለራሴ የነገርኩት፤ ስነግረው ስነግረው እንደዚያ ሆነ። ስለ ማርያም ብለሽ ይቅር በይኝ። ልጄ ትምጣ፣ ትለፍ፣ ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊኝ። እሷ ፊት አይሁን። ከናቷ ሞት በኋላ ያለችኝ እሷ ናት፣ እንደ መልአክ ነው የምታየኝ።»

ይቅርታ ሲጠየቁ የሚመለሰውን አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ ነው። አፌ ላይ መጣ፣ ዋጥኩት። ይህ ሰው መቃብር ላይ ንግግር አድርጓል። ሬሳችንን ሸኝቶ፣ ሞታችንን ከወሬው ቆርጦ ጥሎ፣ ሳቁን ብቻ ይዞ ነው አዲስ አበባ የገባው። ልጄ አባቷን በፎቶ እያየች ስታድግ የሱ ልጅ በአባቷ ጨዋታ እየሳቀች አድጋለች። ሊያለቅስ ነበር፤ እንባው አላሳዘነኝም።

ልጁ ውኃ ይዛ መጣች። የአባቷን ፊት አይታ ደነገጠች፣ ከዚያ እኔን አይታ ተረጋጋች፤ የድሮ ወዳጆች የተላቀሱ መሰላት። «እትዬ፣ ይተዋወቃሉ እንዴ? ምን አጫወተዎት?» አለች።

«የባትሪውን» አልኩ።

ሳቋ ፈነዳ። «ባለ እስክርቢቶውን ሰውዬ? ከሕፃንነቴ ጀምሮ እየሳቅንበት ነው ያደግነው። እቤት እንግዳ ሲመጣ ሳይነግር አይሸኝም።»

ዳኜ ጭንቅላቱን ነቀነቀልኝ፣ አይሆንም፣ እባክሽ እንደ ማለት። እኔ ለልጁ አጠገቤ ወንበር ሳብኩላት፤ ቆንጆ ልጅ ናት፣ ደግ ፊት አላት።

«ተቀመጪ» አልኳት። «መጨረሻውን ነግሯችሁ አያውቅም፤ አሁን ይነግርሻል። እኔ የሰውየው ሚስት ነኝ፣ ከተሳሳተ አርመዋለሁ።»